ከእህቴ ቤት የተረፈችው ጥንቸል

ያለ አስተማሪ፣ በራሴ አንብቤ የተማርኩ ሰው ነኝ። በሶዶ ስለ ጥንቸል በሽታ እንደ እኔ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ዘንድሮ በሁምቦ የታላቅ እህቴ ጥንቸሎች በድንገት አፍንጫቸው እየደማ ሲያልቁ፣ ቫይረስ መሆኑን ቀድሜ የጠረጠርኩት እኔ ነኝ። ክትባት ፈልጌ አጣሁ። እህቴ አምና የሰጠችኝን ነጭ ጥንቸል በር ዘግቼ፣ ጠዋት ማታ አጎንብሼ አተነፋፈሷን እያየሁ እጠብቃለሁ። ወገቤ አልቋል።

ቅዳሜ እህቴ መጣች። እኛ ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ከጓሮዋ ያጨደችውን ሳር ተሸክማለች።

“እታለም፣ አትግቢ። በሽታው በሳርም በጫማም ይመጣል።”

“አንተ ዶክተር! እኔንም ልትከትበኝ ነው?”

ሳቀች፤ ግን አልገባችም። ሳሩን ርቄ ቀበርኩት። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የተቀቀለ ስኳር ድንች በላን። ታላቅን ደጅ ማስቀመጥ ከማጎንበሱ ይበልጥ ያደክማል።

ልትሄድ ስትነሳ፣ “እስቲ ከሩቅ አሳየኝ” አለች።

እጄን ታጥቤ፣ ጥንቸሏን በረንዳ ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኳት። እህቴ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

“በል አስገባት” አለች፣ “በዚህ መንገድ ጫማ ያደረገ ሰው ይበዛል።”