ሰኞ ሰኞ ስንጥቁን የሚለካው ሰው

ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት እህቱና የደመወዝ ወረቀቱ ብቻ ናቸው። ሥራው ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከመንደሩ ጀርባ ያለውን የመሬት ስንጥቅ መለካት ነው። በስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት የብረት ችካሎች በሲሚንቶ ተተክለዋል፤ በመካከላቸው ሜትር ይዘረጋል፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ ለመሬት ጥናት መሥሪያ ቤቱ ይደውላል፣ አለቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠርቷል። ሌላ ሰው ቢሆን የሰነፍ ሥራ ነው ብሎ ያፍርበት ነበር፤ እሱ ግን ሰኞ ሰኞ ጫማውን ቀብቶ ነው የሚሄደው።

ሲቀጠር ባለሙያዎቹ ነገሩን አስረድተውታል። የምንቆምበት ምድር አንድ ወጥ አይደለም፤ ቅርፊቱ የተሰባበረ ነው፤ ቁርጥራጮቹ አህጉርንና የባሕርን ወለል ተሸክመው ቀስ እያሉ ይጓዛሉ። እዚህ ቦታ ሁለቱ እየተለያዩ ነው፣ በዓመት አራት ሚሊ ሜትር ያህል። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ባሕር ይገባበታል። ይህን ለጎረቤት ሲያወራ የማይስቅበት አልነበረም፤ የሰፈሩ አናጢ «እንግዲያው ዋና ልልመድ ወይስ ጀልባ ልሥራ?» ይለው ነበር። ባለሙያዎቹ አንድ ነገር ጨምረዋል፦ ምድር ለዓመታት ስትንፏቀቅ ትቆይና አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ትዘላለች። ይህችንም ሰምቷል። ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዴም ያላየውን ነገር ሰው እንዴት ብሎ ይመን!

ከስንጥቁ ሠላሳ እርምጃ ርቆ የታላቅ እህቱ ቤት አለ። እናታቸው ስትሞት እሷ ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ልብስ መስፋት ያዘች፣ እሱ ተማረ። «እትዬ» ይላታል፤ ሲቆጣም እትዬ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር ሁለቴ ቢገኝ ነው፤ እሷ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ቀኑን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ባሏ ከዚህ ስንጥቅ እንራቅ ብሎ ስንቴ ለመናት። «ወንድሜ ተነሺ ካላለኝ አልነሳም» ነው መልሷ። ወንድሟ ደግሞ «የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ» እያለ ይቀልድና፣ ቁጥሩ ከተበላሸ በዚያው ቀን ዕቃሽን እኔው ራሴ እሸከማለሁ ይላታል።

አንድ ሰኞ ሜትሩን ሲዘረጋ ርቀቱ ካለፈው ሳምንት በአሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር በልጦ አገኘው። የሦስት ዓመት ጉዞ በአንድ ሳምንት! ደግሞ ለካ፣ ያው ነው። ሰለሰ፣ ያው ነው። ልቡ ድንግጥ አለ። ዙሪያውን ሲቃኝ ግን ከወዲያኛው ችካል አጠገብ የአሸዋ መኪና ጎማ ዱካ አየና እፎይ አለ። መኪና ገጭቶት ነው እንጂ መሬት ምን ሆና! መመሪያው ግልጽ ነው፦ ችካል ተነክቶ ከተገኘ እጅ ሳያስነኩ መደወል። ነገር ግን ባለፈው ወር የሌላ ጣቢያ ለኪ ችካሉን አልጠበቅህም ተብሎ ተባርሯል። ደግሞ ስርዝ ድልዝ የሌለበትን መዝገቡን ይወዳል፤ ከሰው አብልጦ ሳይወደው አይቀርም። ስለዚህ መዶሻ አመጣ። ችካሉን ከጎኑ እየመታ፣ እየለካ፣ ደግሞ እየመታ፣ ያለፈው ሳምንት ቁጥር እስኪመጣለት ድረስ አጎበጠው። ምድርን በመዶሻ ወደ ቦታዋ ሊመልስ! «ለውጥ የለም» ብሎ ጻፈ፤ በስልክም ይህንኑ ተናገረ።

ረቡዕ እህቱ ደወለችለት፤ የጓዳው በር አልዘጋ ብሏታል። ሄዶ ሲያይ መቃኑ ዘሟል። እሷ የምታየው በሩን ሳይሆን እሱን ነበር።

«ሰኞ ቁጥሩ እንዴት ነበር?»

«ያው ነው እትዬ። እንጨቱ አብጦ ነው።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ከአናጢው መላጊያ ተውሶ በሩን ላገላት። ጥሩ አድርጎ ነው የላገው፤ እሷም መረቀችው።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ምድር ዘለለች። ስንጥቁ በአንድ አፍታ አንድ ክንድ ተኩል ተከፈተ፤ የእህቱ ቤት እኩሌታ ተደረመሰ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ። የእሷን ሬሳ በማግስቱ አወጡት፤ ከስፌት መኪናው ሥር ገብታ ነበር።

ከዚያማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ባለሙያዎቹ በሦስት መኪና መጡ፣ መዝገቡን አገላበጡ፣ የጎበጠውን ችካል መንቀጥቀጡ ነው ያጣመመው አሉ። ያለ ምንም ምልክት የደረሰ አደጋ ተብሎ ተጻፈ። አለቃው እጁን ጨብጦ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ በየትኛውም ጣቢያ እንዳላየ ነገረው። ሚሊ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ሐዘን ነው ያፈዘዘው ተባለለት። ሐዘኑም ነበር፤ ያስዘጋው ግን ፍርሃት ነው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን የእህቱ ባል ሁለቱን ልጆች ይዞ መጣ። ዓይኑ ደም መስሏል። ሚሊ «አውቋል፣ አለቀልኝ» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። ሰውየው ግን አቅፎት አለቀሰ።

«አንተን ማን ይወቅሳል?» አለው። «አንተ ለካህ፤ ምድር ከዳችህ። ምን ታደርግ!»

ከዚያም ከመንደሩ በታች በኩል ቤት መከራየቱን፣ ትልቋ ልጅ ግን አጎቴ ሳያየው አልገባም ብላ ከተከራየበት ቀን ጀምሮ ደጅ እያደረች መሆኑን ነገረው። ልጅቷ እጁን ያዘችው።

«አጎቴ፣ እዚያ መሬቱ አይንቀሳቀስም አይደል?»

ሚሊ ቦታውን ገና ሄዶ አላየውም ነበር።

«አይንቀሳቀስም» አላት።