የመዝጊያዋ ሐረግ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስሟን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «መዝገበ ቃላት» ነው የሚላት። ጸሐፊ ናት። ሥራ አስኪያጁ ከውጭ አገር ዕቃ አቅራቢዎች ጋር መጻጻፍ ከጀመሩ ወዲህ፣ «እንለማመድ» ብለው የፈቃድ መጠየቂያው ሳይቀር በእንግሊዝኛ እንዲሆን አዘዋል። እንግሊዝኛ ሲባል ደግሞ ከእሷ በቀር ሁሉም ላብ በላብ ይሆናል።

በተለይ አንዲት የደብዳቤ መዝጊያ ሐረግ፣ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» የምትባለው፣ መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ ማለት ናት፣ የማትገባበት ደብዳቤ አልነበረም። የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ በሐዘን መግለጫ ላይ ሳይቀር ሰክተዋት ነበር።

«ጋሼ፣ እሷ እኮ መልስ ሲጠበቅ ብቻ ነው የምትጻፈው» አለቻቸው እየሳቀች። «ሐዘንተኛ ምን ብሎ ይመልስልዎታል?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! አምራ ባያት ጊዜ ነው እንጂ።»

ሥራ አስኪያጁም ከጸሐፊዋ ተምረው የሐረጓን ቦታ ለዩ። ከዚያ ወዲህ የሰዉን ደብዳቤ የሚያርሙበት ቀይ እስክሪብቶ ከእጃቸው አይለይም።

ጸሐፊዋን ግን የሚያብሰለስላት ሌላ ነው። እናቷ ሩቅ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ደክሞ የበሩን ቁልፍ እንኳ በዳሰሳ ነው የሚያገኙት። መሥሪያ ቤቱ እዚያ ቅርንጫፍ አለው። በሦስት ዓመት ሦስት የዝውውር ማመልከቻ አስገባች፤ ሐረጓም በየመጨረሻቸው በትክክል ተቀምጣለች። መልስ ግን የለም። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ስትጠይቅ፣ «አንቺ ከሄድሽ ደብዳቤውን ማን ሊጽፈው ነው? ትንሽ ታገሺ እስኪ» ይሏታል። ጉብዝናዋ እግር ብረት ሆነባት። አንዴማ ይለቁኝ እንደሆን ብላ አውቃ ልታበላሽ ሞክራ ነበር፤ እጇ እምቢ አላት።

ዘንድሮ ቅርንጫፉ ጸሐፊ ፈለገ። እስከ ዓርብ ካልተዛወረች ሌላ ሰው ሊቀጠርበት ነው። ሰኞ ጠዋት አራተኛውን ማመልከቻ ጻፈችና መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች። እንደማይመልሱላት እያወቀች መልስዎን እጠብቃለሁ ማለት አስጠላት። ሐረጓን ትታ አስገባችው።

ሐሙስ ማመልከቻዋ ተመለሰ። ከአራቱ ተመልሶ የመጣ ይኼ የመጀመሪያው ነውና እየተጣደፈች ገለጠችው።

«ተፈቀደልሽ እንዴ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው።

ከግርጌው በቀይ «መዝጊያዋ ተረስታለች፤ ተስተካክሎ ይቅረብ» ይላል። ስለ ዝውውሩ አንዲት ቃል የለም።

«አስተካክዪው ነው የሚሉኝ፣ ጋሼ» አለች። ሌላ ምን ማድረግ ትችላለች? እንደገና ጽፋ ሐረጓን ቦታዋ ላይ አስገባችና ዓርብ ጠዋት ይዛ ገባች።

ሥራ አስኪያጁ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ፊታቸው ፈካ።

«እንዲህ ነው እንጂ ደብዳቤ!» አሉና መሳቢያቸውን ስበው በፊተኞቹ ሦስት ማመልከቻዎች ላይ ደረቡት።