ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው

«ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው በመሆኑ» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጽሕፈት ስለማይሆንለት የምስክርነቱን ወረቀት ለመንደሩ አስተማሪ ሰጠ፤ አስተማሪዋ እኔ ደግሞ የባለጉዳዩ ልጅ ነበርኩ። ሦስት ሽማግሌዎች አውራ ጣታቸውን ቀለም እየነከሩ አተሙበት። ሁሉም ልጁ መሆኔን ያውቃሉ። ያደረጉት አዝነውልኝ ነው፤ እኔም ጉልበታቸውን ስሜ አመሰገንኩ።

አባቴ ቄስ ነበር፤ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። እናቴ ሞታ፣ ወንድሜ ለውትድርና ተወስዶ ወሬው ከጠፋ በኋላ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ከአቀስታ ወዲያ ወዳለ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። በደርግ ጊዜ ምድቤን አልቀበልም አይባልም። የተሰጠኝ ማደሪያ ከሁለት አስተማሪዎች ጋር የምጋራው አንድ ክፍል ነበር። ልሄድ በምዘጋጅበት ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴን ምድጃው ላይ ወድቆ፣ እጁ ተቃጥሎ አገኘሁት። የመካነ ሰላሙ የአረጋውያን መጠለያ ደግሞ ልጅ ያለውን አይቀበልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ እንደሚፈታ እያወቅኩ ጻፍኩት።

መጠለያው ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ ብርዱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ለዚያ ሁሉ አረጋዊ አንዲት አስታማሚ ነበረች፤ የምታጎርሰውም የምታጥበውም ደጅ የምታወጣውም እሷው ናት። በወር አንድ ጊዜ በጭነት መኪና ተንጠላጥዬ እሄዳለሁ፤ ስጠየቅ የንስሐ ልጃቸው ነኝ እላለሁ። ቄስን የንስሐ ልጁ ብትጠይቀው ማንም አይገረምም። እቤት አንገቱን አቅፌ የምስመውን አባቴን እዚያ መስቀሉን ብቻ ተሳልሜ እቀመጣለሁ። እሱም ያውቅበታል፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብቻ ይለኛል። እጁ ግን አያውቅበትም። ፀጉሬን ዳብሶ፣ እንደ ልጅነቴ ጆሮዬን ይይዛል።

በአራተኛው ወር ልብሱን ልቀይርለት ገልበጥ ሳደርገው ወገቡ ላይ ጡጫ የሚያስገባ ቁስል አየሁ። ሸቷል። ብርዱ ሰውነቱን ይዞት መገላበጥ አቅቶት፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ተኝቶ ነው የከረመው፤ እሱም እንዳልጨነቅ ብሎ አንድም ቀን አመመኝ አላለኝም። አስታማሚዋን ለምን አላገላበጥሻቸውም ብዬ ጮህኩባት። ድካም የገደለውን ፊቷን ቀና አድርጋ ትክ ብላ አየችኝ።

«እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ እኅቴ። ማገላበጥስ የልጅ ወግ ነበር።»

እየሮጥኩ ኃላፊው ቢሮ ገባሁና ልጃቸው ነኝ፣ ልውሰዳቸው አልኩ። ወዴት እንደምወስደው እንኳ አላሰብኩም። ኃላፊው ሳይቆጣ ከመሳቢያው ወረቀት አወጣና ፊቴ አስቀመጠው፤ ጽሕፈቱ የራሴው ነው።

«ይሄ ልጅ የላቸውም ይላል። ዋሽቶ ከሆነ ጣታቸውን ያተሙት ሦስቱ ይታሰራሉ። እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ፣ ምናቸው ነሽ?»

በዚያ ጊዜ የታሰረ ሁሉ እንደማይመለስ አውቃለሁ። «የንስሐ ልጃቸው» አልኩ። እንደ ልጅ ስለሚያዩኝ አፌን አዳልጦኝ ነው ብዬም ጨመርኩበት። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ተመልሼ የሆነውን ለአባቴ በጆሮው ነገርኩት። ዕድሜውን ሙሉ ሲያናዝዝ የኖረ ሰው፣ የእኔን ውሸት ሰምቶ እንደመሳቅ አለ። «አብሽሪ» አለኝ። «እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ልጅ የለኝም ብያለሁ። ለሁለታችንም ይቅር ይበለን።» ቁስሉን በሞቀ ውኃና ጨው አጥቤ፣ ነጠላዬን አጣጥፌ ከሥሩ አነጠፍኩለትና በሌላ ጎኑ አስተኛሁት። የጭነት መኪናው ሊነሳ ሲል ወጣሁ። በሌላ ጎኑ ለስንት ሰዓት እንደቆየ አላውቅም።

ወሩ ሳይሞላ መርዶ መጣብኝ። ስደርስ ተቀብሯል፤ የቀበሩትም የመጠለያው ዘበኛና የደብሩ ካህናት ናቸው። አስታማሚዋ የእጅ መስቀሉን በጨርቅ ጠቅልላ ጠበቀችኝ።

«ልጃቸው መሆንሽን ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ» አለችኝ። «ጆሮሽን ሲይዙ አይቻለሁ። ለማንም አልተነፈስኩም።»

ላመሰግናት ስል ዓይኗን ከዓይኔ አሸሸች።

«ማልጄ የማገላብጠው ሰው የሌላቸውን ነበር። እሳቸው ባለ ልጅ ናቸው ብዬ መጨረሻ ላይ አቆያቸዋለሁ። ብዙ ቀን ሳልደርስባቸው ይመሻል።»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ግን በምን አፌ? የጻፍኩትን ውሸት አምናልኝ ቢሆን ኖሮ አባቴን ከሁሉ አስቀድማ ታገላብጠው ነበር።