ከሰዓት በኋላ የተለኩ ክንዶች

የነርስ ትምህርት ቤታችን አንድ የላስቲክ ክንድ ነበረው። ከእኛ በፊት የነበሩት መርፌ መውጋት የተማሩበት፣ እኛም የተማርንበት፣ ክርኑ አካባቢ ተቀዶ በፕላስተር የታሸገ ክንድ። ለመርፌ ጥሩ ነው፤ አያለቅስም። ለደም ግፊት ግን ምን ያደርጋል? ልብ የለው፣ ደም የለው። ስለዚህ የተግባር ልምምድ የሚያስተምሩን ማዳም፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ጂቡቲያዊት፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን ሰበሰቡና «ሰው ፈልጉና ለኩ፤ የለካችሁትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ» አሉን። መታወቂያችንን አስይዘን የግፊት መለኪያና የልብ ማዳመጫ ወሰድን። ፈተናው ከአንድ ወር በኋላ ነበር። በተግባር የወደቀ ዓመቱን ይደግማል።

ጓደኞቼ ጎረቤት ለጎረቤት ሲለምኑ እኔ ሳቅሁባቸው። የቤቴን ሀብት አውቀዋለሁ።

ቤታችን ጂቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ነው። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ይሸጣል። ከቀትር በኋላ ጫቱ ከድሬዳዋ ሲደርስ ሱቁን ይዘጋና ከስድስት ጓደኞቹ ጋር ፍራሽ ላይ ይቀመጣል። አንዴ በርጫ የጀመረ ሰው እስኪመሽ ንቅንቅ አይልም። ቀኝ እጁ ቅጠል ይመርጣል፣ ግራው ትራስ ላይ ሥራ ፈቶ ይውላል። ከዚህ የበለጠ የመማሪያ መሣሪያ ከየት ይመጣል? የእውነት ደም ያለባቸው ሰባት ግራ ክንዶች፣ በየቀኑ፣ ሰዓታቸውን ሳያዛንፉ።

መጀመሪያ ቀን መለኪያዬን ይዤ ስገባ አባቴ ቅር አለው፤ በርጫ ቤት ሴት ልጅ ምን ትሠራለች? ከጓደኞቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጣው የባቡር ሠራተኛ ነው ያዳነኝ። «ኧረ አቦ ተዋት፣ ሐኪም እቤትህ ድረስ ሲመጣልህ ታባርራለህ እንዴ?» አለና እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተራ ያዙ።

እዚህ አገር ግፊት የምንናገረው እንደ ፈረንሳዮቹ የመጨረሻዋን ዜሮ ጥለን ነው፤ አሥራ ሁለት በስምንት፣ አሥራ አራት በዘጠኝ እያልን። ቁጥሩን መስማት በጀመሩ በሦስተኛው ቀን ነገሩን ውድድር አደረጉት። ትልቅ ቁጥር ያመጣ ጀግና ነው። ዶራሌ ወደብ የጭነት መኪና ወረቀት የሚያስጨርሰው ወዳጃቸው አሥራ ስድስት ሲያመጣ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። ባቡር ሠራተኛው አሥራ አምስት በማምጣቱ «የአንተስ ሞተር ከባቡሩ ጋር ነው ጡረታ የወጣው» ተባለ። የሁልጊዜ አሸናፊ ግን አባቴ ነበር። አሥራ ስምንት። «ጨርቅ ብቻ መሰለሽ? ደምም በጅምላ ነው ያለኝ» ይለኛል፤ እኔም አጨበጭብለታለሁ።

ልባቸው ደግሞ ይሮጣል። የትምህርት መጽሐፋችን የሚለው ሌላ፣ ጆሮዬ የሚሰማው ሌላ። አሰብኩ፣ አሰብኩና መልሱን ራሴ አገኘሁት፦ መጽሐፉን የጻፉት ብርድ አገር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በእኛ ሙቀት የማንም ልብ እንደዚያ ሊንቀራፈፍ አይችልም። ደብተሬ ላይ «የጂቡቲ ሰው ልክ» ብዬ ጻፍኩ፣ በቀይ እስክሪብቶም አሰመርኩበት። በዚህ ግኝቴ ምን ያህል እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

ፈተናው ጠዋት ነበር። ታማሚ ሆኖ የቀረበልኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው፤ ጥርሱ ነጭ፣ ጫት በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው። ለካሁት፤ አሥራ ሁለት በስምንት። የእጁን አንጓ ያዝኩ። አንዱ ምት ከሄደ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ቆሜ የምጠብቀው መሰለኝ። ይኼ ሰው እየሞተ ነው አልኩ በሆዴ። ፈታኞቹ ቆመው እያዩኝ መሬት ላይ አስተኛሁት፣ እግሮቹን ወንበር ላይ ሰቀልኩ፣ በሻርፔ አራገብኩለት፣ ስኳር ውሃ አምጡ ብዬ አዘዝኩ።

ዘበኛው ቀና ብሎ በሶማልኛ «ልጄ፣ ምን ሆኛለሁ?» አለኝ።

«አይዞህ፣ አትናገር» አልኩት። ስኳር ውሃውን ግን ሳያስተርፍ ጠጣው።

ወደቅኩ። ማዳም ሌሎቹን አስወጥተው ደብተሬን ገለጡ። ገጽ በገለጡ ቁጥር ቅንድባቸው ከፍ ይላል።

«እነዚህ ሰዎች በስንት ሰዓት ነው የተለኩት?»

«ከሰዓት በኋላ።»

«እጃቸው ላይ ምን ነበር?»

«ጫት» አልኩ። ያኔ ነው የገባኝ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ለካ አንድ ወር ሙሉ ምርቃናን ጤና ብዬ ሳጠና ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ሁለት ሳምንት አለሽ። እነዚያኑ ሰዎች ጠዋት፣ ቅጠል ሳይቀምሱ ለክተሽ ትመጫለሽ። ሰባቱንም። አንድ ቢጎድል ድጋሚ ፈተና የለም» አሉኝ።

ቃሚን በጠዋት፣ በሐራራው ሰዓት የነካ ሰው ይመስክርልኝ። ከሰዓት በኋላ ልጄ፣ ዶክተሬ የሚሉኝ ሰዎች ጠዋት አያውቁኝም። ባቡር ሠራተኛውን ምኒልክ አደባባይ ካፌ ውስጥ አገኘሁት፤ ክንዱን የሰጠኝ ፊቱን አዙሮ ነው። የዶራሌውን ሰው ከመለካቴ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም እንዲል ጠየቅሁት፤ በዕድሜው አድርጎት የሚያውቅ አይመስለኝም፣ በየመሃሉ ሰዓቱን ያያል። ቁጥሩ ግን ወረደ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ ልባቸውም እንደ ዘበኛው ልብ ረጋ ብሎ። ስድስቱን ጨረስኩ። መጽሐፉንም በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

የቀረኝ አባቴ ነበር፤ እሱ ደግሞ እምቢ አለ። «አሥራ ስምንት ብለሻል፤ ያንኑ ጻፊ። ሻምፒዮን ሁለቴ አይፈተንም።» ስለምነው ከረምኩ። ድጋሚ ፈተናው አንድ ቀን ሲቀረው፣ አልዋሽም፣ በስሙ ትይዩ አሥራ ሦስት ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ። ማን ያውቅብኛል? ዓመት ከምደግም ይሻላል አልኩ። ግን እንቅልፍ አልወስደኝ ስላለ በማግስቱ ጠዋት፣ ከሱብሒ ሶላት መልስ ሻይ ሲጠጣ መለኪያዬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ባቡር ሠራተኛው ጠዋት ሲለካ አሥራ ዘጠኝ አመጣ» አልኩት። ነጭ ውሸት ነው።

«ያ አሮጌ ባቡር? በጠዋቱ?» ክንዱን ዘረጋልኝ።

አሥራ ስምንት በአሥራ አንድ። አምስት ደቂቃ ጠብቄ ደገምኩ፤ ያው ነው። ሌላውን ክንድ ለካሁ፤ ያው ነው። አፉ ውስጥ አንድም ቅጠል የለም።

«ስንት ሆነ?»

«አሥራ ስምንት።»

«አላልኩሽም?» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ፈራሁ። ስድስቱ ከምርቃናቸው ሲወርዱ ቁጥራቸው አብሮ ወርዷል፤ የአባቴ ግን ምርቃና አልነበረም። ያን ሁሉ ቀን ለሕመሙ ነው ያጨበጨብኩለት። እርሳሱን አጠፋሁና እውነቱን በእስክሪብቶ ጻፍኩት።

ማዳም ደብተሩን ሲያዩ ጣታቸው መጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። «ይኼኛውን ተሳስተሻል።»

«ሦስት ጊዜ ነው የለካሁት፣ በሁለቱም ክንድ። አባቴ ነው።»

ደብተሩን ዘጉት። «ድጋሚ ፈተናሽ ይኼ ነበር፤ አልፈሻል። አሁን ሂጂና ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።»

እሱን ሐኪም ዘንድ መውሰድ ከፈተናው ባሰ። ዛሬ በየጠዋቱ ክኒኑን እያጉረመረመ ይውጣል። ጫቱን በግማሽ ቀንሻለሁ ይላል፤ ሙሉው ስንት እንደነበረ ግን ሊነግረኝ አልፈለገም። ውድድሩ አልቀረም፤ ደንቡን ገለበጥኩት እንጂ። አሁን አርብ ጠዋት፣ ቅጠል ሳይቀመስ ይለካሉ፤ የሚያሸንፈውም ዝቅተኛ ቁጥር ያመጣ ነው። ባቡር ሠራተኛው ሻምፒዮን ሆኗል። አባቴ እስካሁን መጨረሻ ነው። ባለፈው አርብ አሥራ አራት በስምንት አልኩት። ክንዱን አልሰበስብም አለ።

«አጭበርባሪ ነሽ፣ አውቅሻለሁ። ድገሚው።»

ደገምኩት። እውነትም አሥራ አራት ነበር።