ልጅ መሆኔን በእንግሊዝኛ የሰማሁ ጊዜ

ልጅ እያለሁ ልጅ ነሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የሰማሁት ባቱ፣ ሰባተኛ ክፍል ሆኜ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ነው። አሁን አዳማ ከምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ፈረቃዬን ጨርሼ ገብቼ እግሬን ስዘረጋ ይኸው ነገር ይመላለስብኛል። የደከመው ሰው ትዝታም አይመርጥም፤ ደስ የሚለውን ትቶ ሌላውን ያመጣል።

እናቴ አበባ እርሻ ትሠራ ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ የእርሻው አውቶቡስ ይወስዳታል፤ ስትመለስ ልብሷ የመድኃኒት እንጂ የአበባ ሽታ አልነበረውም። አባቴ ሻሸመኔ ሌላ ትዳር ይዞ ቀርቷል። ወንድሜ ሙባረክ ዓመት ከምናምኑ፣ እኔ አሥራ ሁለት። ጠዋት ስማር ጎረቤታችን አዴ ሙሉ ይይዙልናል፤ ከሰዓት እኔ አዝለዋለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ ዓሣ ከመጣም ቅርፊቱን እገፍፋለሁ፣ እጄ ዓሣ ዓሣ እንደሸተተ ይመሻል። ሰፈሩ በሙሉ «ሰዓዳ እኮ ሴትዮ ናት» እያለ ያመሰግነኛል። ምስጋናው ስለሚጥመኝ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱትን እኩዮቼን እንደ ናቀ ሰው አልፌያቸው እሄድ ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እግሬን ይበላኝ ነበር።

አንድ ሳምንት አዴ ሙሉ አርሲ ወዳለችው ልጃቸው ጠቅልለው ሊሄዱ ሆነ። ሙባረክን የሚይዝ ጠፋ። እናቴ ፊቴን ሳታይ «ዘንድሮን ተይው፣ ለከርሞ ትቀጥያለሽ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ትልቅ ሰው እሺ ነው የሚለው።

በዚያው ሳምንት የእንግሊዝኛ መምህራችን ቶሎሳ የዕድሜ ቃላት ሰሌዳ ላይ ጻፉ፦ ቤቢ፣ ኪድ፣ ቲንኤጀር፣ አደልት። ከሥር ደግሞ ሁለት ከበድ ያሉ፣ ማቹር እና ኢማቹር። ከዚያ እያስነሱ እናንተስ የትኛው ናችሁ ይሉን ጀመር። ቃሉ ስለሚያምር አብዛኛው ቲንኤጀር ነኝ አለ። ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ «አደልት»፣ ትልቅ ሰው፣ አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህር ግን አልሳቁም። «ኖ፣ ሰዓዳ፣ ዩ አር ኢማቹር» አሉኝ፤ ገና ያልበሰልሽ ማለት ነው፣ ለመብሰል ብዙ ጊዜ አለሽ፣ አትቸኩይ ብለውም በአማርኛ አስረዱኝ። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት ያልበሰልሽ የሚለውን ብቻ ነው። እያለቀስኩ ቤት ገባሁ።

እናቴ ስትሰማ ደሟ ፈላ። እኛ ሰፈር ያልበሰለ የሚባለው ነገር የማይገባው ሰው ነዋ! በነጋታው ከሥራ ቀርታ፣ ሙባረክን አዝላ፣ እኔን አስከትላ ትምህርት ቤት መጣች። «መምህር፣ የኔ ልጅ ቤት የምታስተዳድር ናት። እንዴት ሰው ፊት ያልበሰለች ይሏታል?» አለቻቸው። ወንበር ሰጧት፣ አልተቀመጠችም።

«እናቴ፣ መስደቤ አይደለም» አሉ መምህር ረጋ ብለው። «ልጅ ናት ማለቴ ነው።»

እናቴ ሙባረክን ጀርባዋ ላይ ከፍ አድርጋ አስተካከለችው። ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ወደ ጀርባዋ እያመለከተች «እሷ ልጅ ከሆነች ይሄን ማን ይይዝልኛል?» አለች።

በር ላይ ቆሜ አንድ ነገር ይላሉ ብዬ አፍ አፋቸውን አያለሁ። መምህር ናቸዋ፣ መልስ አያጡም። ያሉት ግን «አይዟችሁ» ብቻ ነበር። ከየት ያምጡ? ሰኞ ደብተሬን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅዬ ከሙባረክ ጋር ቀረሁ። ለከርሞ የተባለው ሦስት ዓመት ፈጀ።

ዛሬ ልጄ ሂክማ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ዕቃ እጠቢ ስላት ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል «እማ፣ ቲንኤጀር እኮ ነኝ፣ አትጨቅጭቂኝ» ትለኛለች። እኛ «እሺ» ከማለት ሌላ ምን እናውቅ ነበር! አንዳንዴ አሞላቀቅኳት ብዬ እሰጋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ፣ ለመናገር ቢያሳፍርም፣ እቀናባታለሁ። በገዛ ልጄ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ከባቱ ልትጠይቀን መጣች። ከሰዓት ከሥራ ስገባ ሂክማ ተኝታለች፣ የምሳው ዕቃ እንደተከመረ ነው። ልቀሰቅሳት ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ተያት፣ ትተኛ። ልጅ አይደለች እንዴ?»

ቆሜ ቀረሁ። «እኔስ፣ እማ?» አልኳት። ይህን ለመጠየቅ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እኔና አላህ ነን የምናውቀው።

በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «አንቺማ እናቴ ነበርሽ» አለችኝ። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ዕቃው ስትነሣ፣ ጉልበትሽን ያምሻል ብዬ መልሼ አስቀመጥኳት። አጥቤ ስጨርስ እሷም ከሂክማ ጎን እንቅልፍ ወስዷታል። ወበቁ እንዳይቀሰቅሳቸው በሩን ገርበብ አድርጌ ከፈትኩላቸው።