የዋጋዬ ሁለት ጉባኤዎች

ዋጋዬ፣ ሰው ሁሉ ጥሎት በሚሄደው የሜልበርን መሀል ከተማ፣ የአንድ አሮጌ ምኩራብ ቁልፍ ከያዘች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጴንጤ ናት፤ ያውም የለየላት። በሥራ ቀን የአይሁዶቹን ወንበር ትወለውላለች፣ እሁድ ሰንሻይን ዌስት በሚባል ሰፈር ባለ የትምህርት ቤት አዳራሽ ከምሕረት ደጅ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር እጇን ዘርግታ ትዘምራለች። እንዴት ሁለቱን ቻልሽው የሚላት ሰው ሲገኝ፣ አምላኩም አንድ ነው፣ አቧራውም አንድ ነው ብላ ታልፈዋለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ሥራውን የጀመረች ሰሞን የሥጋውን ቢላዋ ከወተቱ ዕቃ ጋር ቀላቅላ አጠበችው። አይሁዶች ሥጋና ወተት አያገናኙም፤ ማእድ ቤታቸው እንኳ ሁለት ዓይነት ሳህን፣ ሁለት ዓይነት ማንኪያ ነው ያለው። የምኩራቡ አገልጋይ ሚስተር ዜሊግ አልተቆጡም። ቢላዋውን ወስደው በረንዳው ላይ ባለው የአበባ አፈር ውስጥ እንዲነጻ ሰክተው ተዉት፤ እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር አሏት። ዋጋዬ አልሳቀችም። የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ እየተባለ በአንድ ድግስ ሁለት ድስት ከሚጣድበት አገር ለመጣ ሰው ይህ ምን ይደንቃል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ ተሳስታ አታውቅም፤ እንዲያውም ሌሎቹ ሲሳሳቱ የምትቆጣው እሷ ሆነች።

ከተማው ግን ከዓመት ዓመት ጭር እያለ ሄደ። ከኮቪድ ወዲህ የቢሮ ሰው ከቤቱ መሥራት ለመደ፤ ልብስ ሰፊው ዘጋ፣ ሰዓት ሠሪው ዘጋ፣ አጠገባቸው ያለው ባንክ መስኮቱን በጣውላ መታ። በየመስተዋቱ የሚነበበው "ፎር ሊዝ"፣ ይከራያል የሚለው ብቻ ሆነ። ጧት በሩን ልትከፍት ስትመጣ ደረጃው ላይ የተኛ ሰው አታጣም፤ ቀስ ብላ ትቀሰቅሰዋለች፣ ሻይ ትሰጠዋለች፣ ከዚያ ደረጃውን ታጥባለች። የምኩራቡ ሰዎችም አብዛኞቹ ድሮ ራቅ ወዳለው ካውልፊልድ ሰፈር ሄደዋል። ቅዳሜ መኪና ስለማይነዱ ደግሞ፣ ከዚያ ድረስ በእግር መምጣት ለሽማግሌ የሚታሰብ አይደለም። በእግራቸው የሚደርሱት እዚያው ከተማ ውስጥ አፓርታማ ይዘው የቀሩ ጥቂት ግትሮች ናቸው፤ ሚስተር ዜሊግ አንዱ፣ የሰማንያ ስምንት ዓመቷ ሚስስ ብሉማ አንዷ። ጸሎቱ በሙሉ ሥርዓት እንዲደርስ አሥር ወንድ ያስፈልጋል። ዘጠኝ ሆነው አንድ ሰው ሲጠብቁ፣ በር በሩን ሲያዩ ዋጋዬም ወጥታ መንገዱን ታያለች።

በክረምቱ መግቢያ የምኩራቡ ሊቀመንበር ወረቀት ለጠፈ። ሕንጻው ይሸጥ፣ በገንዘቡ ካውልፊልድ ውስጥ ሰፊ መኪና ማቆሚያ ያለው አዲስ ምኩራብ ይሠራ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ከወር በኋላ እሁድ ድምፅ ይሰጥበታል ይላል። ሚስተር ዜሊግ ወረቀቱን አነበቡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደገና አነበቡ። ከዚያ መጻሕፍቱን ሊያስተካክሉ ገቡ።

ጉዱን ግን ያመጣችው እሷው ናት። ረቡዕ በጸሎት ፕሮግራም ላይ የጸሎት ርእስ ያለው ይናገር ሲባል ብድግ ብላ፣ ሽማግሌዎቼ ቤታቸው ሊሸጥባቸው ነውና ጸልዩላቸው አለች። ሽማግሌዎቹን የሰማ የለም። ሁሉም የሰማው "ሊሸጥ ነው" የምትለዋን ብቻ ነው። አይፈረድባቸውም። ምሕረት ደጅ ባለፈው አሥራ አንድ ዓመት ብቻ አራት አዳራሽ ቀይራለች፤ ከያራቪል ጩኸታችሁ በዛ ተብላ ወጣች፣ ከሰንሻይን ሕንጻው ጂም ሊሆን ነው ተብላ ወጣች። በየእሁዱ ሁለት መቶ ወንበር ይዘረጋል፣ ሁለት መቶ ወንበር ይታጠፋል። ያን የምታስተባብረው ደግሞ የዋጋዬ የልብ ጓደኛ ዶርቃ ናት፤ ወገቧ አልቋል። በዕድሜ የዋጋዬ ልጅ የሚሆነው ፓስተር ኢሳያስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ይህ በአጋጣሚ የመጣ ነገር አይደለም አለ።

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሕንጻው እንዲሰጣቸውም እንደ ኢያሪኮ፣ ስድስት ቀን በየቀኑ አንድ አንድ ጊዜ፣ በሰባተኛው ቀን ሰባት ጊዜ፣ በዝምታ ሊዞሩት ተስማሙ። በመጨረሻው ዙር እልል ይባላል። ሰባተኛውን ቀን ሆን ብለው የድምፁ እሁድ ላይ አዋሉት።

እንግዲህ ኢያሪኮን በአይሁድ ላይ! ዋጋዬ ወደ ቤቷ ስትሄድ ባቡር ውስጥ ብቻዋን ሳቀች፣ ሳትወርድ ደግሞ አለቀሰች። ልጇ እየሩ ነገሩን ሰምታ "ማሚ፣ ጀስት ቴል ዴም ኖ፤ እንቢ በያቸው" አለቻትና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ለእሷ ቀላል ነው። ዋጋዬ ባሏ ሲሞትባት አርባ ቀን ሙሉ ምግብ ያመላለሱላት፣ ለቅሶዋን አብረው የተቀመጡት የምሕረት ደጅ ሰዎች ናቸው። ያኔ ሦስት ሳምንት እንዳትመጪ ብለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ወለሉን ራሳቸው የጠረጉት ደግሞ ሚስተር ዜሊግ ናቸው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጥታ ኖራለች፤ ዛፎቹ መራራቅ የጀመሩት አሁን ነው።

ሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት በሩን ቆልፋ ስትወጣ ሠላሳ ሰው በሦስት ሚኒባስ መጥቶ ጠበቃት። ሕንጻው ከተዘጋው ባንክና ከአንድ ፒዛ ቤት ጋር ስለተጣበቀ እሱን ብቻ ለይቶ መዞር አይቻልም፤ ባንኩም ፒዛ ቤቱም አብረው ተከበቡ። ባለ ፒዛው በመጀመሪያው ቀን ፈርቶ በሩን ዘጋ፤ በሦስተኛው ቀን ለቡድን ቅናሽ አለ የሚል ወረቀት ለጠፈ። ዋጋዬ ከዶርቃ ጎን ጎን እየሄደች ዞረች። ስድስቱንም ቀን ዞረች። ለሚስተር ዜሊግ የሚሆነውን አልነገረቻቸውም፤ ለፓስተሩም የልቧን አልነገረችውም። ዝም አልኩ እንጂ አልዋሸሁም እያለች ራሷን ታጽናናለች፤ እንቅልፍ ግን እንቢ አላት።

እሁድ ስብሰባው በምኩራቡ ምድር ቤት ሆነ። ሰማንያ ያህል ሰው መጣ፤ ዋጋዬ ለዓመት በዓል እንኳ ይህን ያህል ሰው ካየች ቆይታለች። ሥራ አለኝ ብላ ከዙሩ ቀርታ ሻይ ታድላለች። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ አባቱም አያቱም እዚያ የጸለዩ ሰው ነው። ሲናገርም እየከበደው ነበር። ሱቁ ሄዷል፣ ቢሮው ሄዷል፣ የራሳችን ልጆች ሄደዋል አለ፤ ማንም በማይፈልገው ቦታ ላይ እኛ ለማን ብለን እንቀራለን? ብዙዎቹ በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስተር ዜሊግ ቀና አላሉም።

በዚህ መሀል ብዙ ሰው ሲሰበሰብ የሚቆመው የበሩ ዘብ ገባና ወደ ሊቀመንበሩ ጎንበስ አለ። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች አንድም ቃል ሳይናገሩ ሕንጻውን እየዞሩ ነው፣ አራተኛ ዙራቸው ነው፣ ፖሊስ ልጥራ ወይ አለ። በሹክሹክታ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው።

ዋጋዬ የዚያን ጊዜውን አዳራሽ እስከ ዛሬ አትረሳውም። የጮኸ ሰው የለም። አንዲት እናት ልጇን ከመስኮቱ ሥር ሳብ አደረገች። አንድ አዛውንት ኮታቸውን አነሡ። ሚስስ ብሉማ የሻይ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና እጃቸውን በእጃቸው ያዙ። እነዚህ ሰዎች በራቸው ላይ ዘብ ያቆሙት ለጌጥ አይደለም፤ በምኩራብ ላይ ጥቃት ሲደርስ አይተዋል። ዋጋዬ ያን ፊታቸውን አይታ መቻል አቃታት።

"ፖሊስ አትጥሩ" አለች። "የኔ ሰዎች ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኔ ሰዎች። ክፉ አያስቡባችሁም። እናንተ ስትሸጡት እኛ እንድንገዛው ነው የሚጸልዩት። እንደ ኢያሪኮ። ስድስት ቀን ስንዞረው ሰነበትን፤ እኔም ዞሬያለሁ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሚስተር ዜሊግ ተነሥተው የሻይ ትሪውን ተቀበሏትና ጠረጴዛ ላይ አኖሩት፤ ከጎኗም አልሄዱም።

ከዚያ ሚስስ ብሉማ ሳቁ። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ኢያሪኮ? በእኛ ላይ? እያሉ ዕንባቸውን ጠረጉ፤ ፍርሃት ይዞት የነበረው ሰው ሁሉ ተከትሏቸው ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆሙ።

"ወላጆቼ ከፖላንድ መጥተው ከመርከብ ሲወርዱ በዚህ ከተማ መጀመሪያ የተከፈተላቸው በር ይህ ነው" አሉ ለሊቀመንበሩ። "ማንም አይፈልገውም አልከን። ሠላሳ ሰው በዝናብ እየዞረ የሚለምነውን ቤት እኛ መኪና ማቆሚያ አጣን ብለን እንሽጠው? እኔ አልሄድም።"

ወዲያው ማውራት ተጀመረ፤ ግማሹ ተቆጣ፣ ግማሹ አለቀሰ። አንድ ወጣት ባልና ሚስት ከተማው ውስጥ ቤት እንከራያለን አሉ። ሌላው ከሥራ በፊት ሐሙስ ሐሙስ ለአሥር ማሟያ እመጣለሁ ብሎ ስሙን አጻፈ። ድምፅ ሲሰጥ ሃምሳ አንድ ለሃያ ስድስት ሆነ። ምኩራቡ ከቦታው አይነቃነቅም። ልክ ያን ጊዜ ከውጭ እልልታው ቀለጠ፣ ሃሌሉያው አስተጋባ። ግድግዳው ግን እንደቆመ ነበር።

ዋጋዬ ደስ አላት፤ ደስታዋም አስፈራት። የቤተ ክርስቲያኗን ቤት በገዛ አፏ እንዳስቀረችባቸው ገባት። ሌላ ሰው ይንገራቸው ማለት ትችል ነበር፤ ግን ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ሁሉም ፊቱ በርቶ ከበባት። ፓስተር ኢሳያስ "እትዬ ዋጋዬ፣ ምን ተወሰነ?" አላት።

"አይሸጡም" አለች። "ፈርተው ስላየኋቸው ማን እንደሆናችሁ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ስድስት ቀን አብሬያችሁ ዞሬያለሁ፤ አንድም ቀን ግን ይሰጠን ብዬ አልጸለይኩም። ለእነሱ ይቁምላቸው ነው ያልኩት።"

ዶርቃ "ውሻ በበላበት ይጮኻል" አለችና ሄዳ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። በሩን በኃይል ዘጋችው። ዋጋዬ በሕይወቷ ብዙ ነገር ተብላለች፤ እንደዚህ ግን ያመማት የለም።

በዚህ ጊዜ ሚስተር ዜሊግ ጃንጥላ ይዘው ወጡና፣ እነዚህ ሰዎች በስብሰዋል፣ አስገቢያቸው እንጂ አሏት። ፓስተሩ ደጃፉ ላይ ሲደርስ እንደ አገሩ ሥርዓት ባርኔጣውን አወለቀ። ሽማግሌው ከእጁ ወስደው መልሰው ራሱ ላይ ደፉለት፤ እዚህ ቤት ወንድ ራሱን ሸፍኖ ነው የሚገባው። ፓስተሩ ባርኔጣውን እንደደፋ ላይኛው አዳራሽ መሀል ቆመ። ሰማያዊውን ጣሪያ፣ የሴቶቹን ሰገነት፣ ሰው በነካው ቁጥር የወዛውን እንጨት ብዙ ጊዜ ወስዶ አየ።

"ይህን ሁሉ ዓመት የሚያጸዱት ይህን ነው?" አላት።

"አዎ።"

"እኔም ብሆን ጨክኜ ይሰጠን ብዬ አልጸልይም ነበር" አለ። ድምፁ ውስጥ ቅሬታው አለ፤ ግን ከልቡ ነበር።

ዋጋዬ ሻይ ቀድታ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። ዶርቃ መስኮቱን ለማውረድ ጊዜ ወሰደባት። ብርጭቆውን ስትቀበል ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ቁጣው አልፎ የቀረው ድካም ብቻ ነው።

"እኛስ የት እንግባ፣ ዋጋ?" አለች።

ዋጋዬ ወደ ዝናቡ ቀና ብላ አየች። በሩን ከፍታ ከጎኗ ገባች፣ እርጥብ ነጠላዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ዶርቃም ፉት ካለች በኋላ ብርጭቆውን አቀበለቻት።