በመስከረም የነጣው ጉማራ

ልጅ ሳለሁ ክረምትን የምናፍቀው ለአንዲት ዓሣ ስል ነበር። ቤታችን ከወንዛዬ ፍል ውሃ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ጉማራ ወንዝ አፋፍ ላይ ነበር። የአባቴ አባት፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ ማታ ማታ እራት እስኪቀርብ ተረት ያወሩልናል፤ የዓሣዋን ተረት ግን በበጋ ብንለምናቸውም «ወቅቷ አይደለም» ብለው ያልፉታል። ሐምሌ ገብቶ ወንዙ ሲሞላና ጩኸቱ ቤት ድረስ ሲሰማ፣ ያኔ ነው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ምድጃው ጠጋ የሚሉት።

እርጥቡ እንጨት እየጨሰ ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ የኩራዙ ብርሃን በነፋሱ እየተርገበገበ የአባባን ጥላ ግድግዳው ላይ አንዴ ያገዝፈዋል፣ አንዴ ያሳንሰዋል። እሳቸው ፍሙን እየቆሰቆሱ ይጀምራሉ። ጉና ተራራ ላይ ዝናብ ሲወርድ የአፈሩ ሽታ በጉማራ ወርዶ ጣና ይገባል፤ ጣና ውስጥ የምትኖር አንዲት እርጉዝ ዓሣ ያን ሽታ ስታሸት የእናቷ ቤት ትዝ ይላትና ልትወልድ ትነሣለች። ደለሉ ዓይኗን እየጋረዳት፣ ወፍ ከላይ እያንዣበበባት፣ ድንጋይ ለድንጋይ ሽቅብ ትዋኛለች። በመጨረሻ ጠጠር ያለበት ንጹሕ ውሃ ታገኝና እንቁላሏን ትጥላለች። «ሴት ልጅ ለወሊድ እናቷ ቤት እንደምትሄድ ማለት ነው» ይሉ ነበር አባባ፤ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቀጥናል። እኔ በየዓመቱ አለቅስ ነበር።

አሥር ዓመት በሆነኝ መስከረም፣ ውሃው መጥራት ሲጀምር፣ አንድ ጧት እናቴ ውሃ እንድቀዳ ላከችኝ። ጀሪካኔን ይዤ ቁልቁለቱን ስወርድ ወንዙ ነጭ ሆኖ ታየኝ። መጀመሪያ አረፋ መስሎኝ ነበር። ቀረብ ስል ዓሣ ነው። ትልልቁ ከጣቴ ከማይበልጠው ጋር ተደባልቆ፣ ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ውሃውን ሞልቶታል፤ አንዳንዱ ገና አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዳር የወጣችውን አንዷን በሁለት እጄ አነሣኋት። ከሆዷ ቢጫ እንቁላል፣ እንደ ዳጉሳ ፍሬ የደቀቀ፣ እጄ ላይ ፈሰሰ። ጀሪካኑን ጥዬ በወንዙ ዳር ሮጥኩ፤ አባባን ልጠራ፣ እሳቸው አንድ ነገር ያደርጋሉ ብዬ።

አባባን ያገኘኋቸው ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ የያዘ ከረጢት አለ። የብርብራ ዱቄት ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣ አፍኖ እንደሚገድል ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ሁለት ጎረቤቶቻችን የሞተውን ይለቅማሉ።

«መጣሽ? ነይ፣ ቅርጫቱን ያዥልኝ» አሉኝ፣ ረጋ ብለው።

«አባባ፣ እናቶቹ ናቸው እኮ» አልኳቸው።

«አዎ፤ የሚወፍሩት አሁን ነው።»

ቅርጫቱን ያዝኩላቸው። ሌላ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር።

የዚያን ቀን ማታ ዓሣው ድስት ውስጥ እየተጠበሰ፣ ታናሽ እህቴ ምንም ሳታውቅ ተረቷን ጠየቀች። አባባም ጀመሩ። ያችኑ ተረት፣ በዚያው ድምፅ። የእናቷ ቤት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀጠነ፤ የፍሙ ብርሃን ሲያርፍባቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ጧት ያየሁት አስደንግጦኛል፤ ይህኛው ግን ሰውነቴን አቀዘቀዘው። ቢያስመስሉ ኖሮ ይገባኝ ነበር። እሳቸው ግን ከልባቸው ነው።

«ዛሬ ቅርጫት ውስጥ የገባችውስ፣ አባባ?» አልኩ።

እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። አባባ ፍሙን ቆስቆስ አደረጉና «ጣና ሰፊ ነው፣ ልጄ። ዓሣ አያልቅም» አሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ እንዲያ ያምኑ ነበር።

እኔ አድጌ ስለ ዓሣ ተማርኩ፤ ደብረ ታቦር ተቀምጬ ዓሣን በመጠበቅ ሥራ እተዳደራለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጉማራ እወርዳለሁ። ዓሣ እንቁላል የሚጥልበት ጠጠር ለግንባታ እየተዛቀ ይጫናል፤ በበጋ የመስኖ ሞተር ውሃውን ይመጠዋል። ከዚህ የተረፈችዋን ዓሣ ደግሞ መረብ ይጠብቃታል። አምና ሐምሌ ይርጋ የሚባል አጥማጅ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በመረብ ዘግቶ አገኘሁት። መውቀስ ልጀምር ስል አቋረጠኝ።

«እታለም፣ አንቺ የእሳቸው የልጅ ልጅ አይደለሽም? ለአባቴ የብርብራውን አወቃቀጥ ያሳዩት እኮ አባባ ናቸው። ያችን የዓሣ ተረትም ያወሩልን እሳቸው። ደግ ሰው ነበሩ።»

ያዘጋጀሁትን ወቀሳ ተውኩት። በመጨረሻ የመጣልኝ «ተረቷን ለልጆችህ ታወራላቸዋለህ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ነበር።

«አወራለሁ እንጂ። ግን አያምኑኝም፤ ክንድ የሚያህል ዓሣ አይተው አያውቁማ» አለኝ።

አብረን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ብዙ አወራን፤ ለእናቶቹ ማለፊያ እንዲተውላቸው ለመንኩት። ከመሄዴ በፊት መረቡን መሃል ላይ ከፈተው። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ግን ዘግቶታል፤ «ከታች ያሉት አጥማጆች ሳይከፍቱ የእኔ መክፈት ለማን ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ከታች ጀምሬ፣ ከወንዙ አፍ፣ አንድ በአንድ እያነጋገርኳቸው ነው። ጥቂቶቹ እሺ ብለዋል። ሌሎቹ ይስቁብኛል።

አባባ ክፉ ሰው ቢሆኑ ሥራዬ ይቀለኝ ነበር፤ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር። የቀረልኝ ግን ሌላ ነው፤ ሰው የሚወደውን ነገር በሙሉ ልቡ እየወደደ፣ በገዛ እጁ ሊጨርሰው እንደሚችል በአሥር ዓመቴ ማየቴ። ድንጋጤው አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም። ለማንም አጥማጅ «ዓሣ አትወድም» ብዬ አላውቅም። ቀድሜ የምጠይቀው፣ በልጅነቱ ያያት ትልቋ ዓሣ ምን ያህል እንደነበረች ነው፤ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ያሳየኛል፣ ከዚያ የዘረጋውን እጁን ራሱ መልሶ ያየዋል።